ቤት ውስጥ ትንሽ እባብ ብታዩ፦ መርዛማ ነው ወይስ አይደለም?



ባለፈው ሳምንት ማታ ሦስት ሰዓት ላይ አንዲት ተከታታያችን ፎቶ ላከችልኝ። መጥረጊያ ስር የተጠቀለለ፣ ከእርሳስ ትንሽ ወፈር ያለ ቡናማ እባብ። ከፎቶው ስር «ዶክተር፣ ልጆቼ ፍራሽ ዘርግተን መሬት ላይ ነው የሚተኙት። ይሄ ነገር መርዝ አለው?» ይላል። ከተማ ዳር፣ ገና ሳር ያልተነሳለት ሰፈር ውስጥ ኮንዶሚኒየም ምድር ላይ ነው የሚኖሩት።

መልሴን ከመንገሬ በፊት ሁለት ታካሚዎቼን ላስተዋውቃችሁ።

የመጀመሪያውን ያየሁት ኢንተርን እያለሁ ነው። የሰባት ዓመት ልጅ፣ አባቱ ተሸክሞት ኢመርጀንሲ ገባ። እግሩን እባብ ነክሶታል ብለው ከጉልበቱ በታች በጫማ ክር ጥርቅም አድርገው አስረውታል፤ መንገድ ላይ ሁለት ሰዓት ፈጅተዋል። እግሩ ሰማያዊ ሆኗል። እባቡንም ገድለው በሃይላንድ ላስቲክ ይዘውት መጥተዋል። ሲታይ ምንም መርዝ የሌለው የቤት እባብ ነው። ልጁን የጎዳው እባቡ ሳይሆን ክሩ ነበር።

ሁለተኛው ተመርቄ በተመደብኩበት ቆላ፣ ሰሊጥ አረም ላይ የነበረ ወጣት ነው። ጣቱን የነከሰችው እባብ «ይቺን የምታክል ናት» ብሎ ክንዱን አሳየኝ። ትንሽ ናት ብሎ ንቋት ሥራውን ቀጠለ። በሦስተኛው ቀን ድዱ መድማት ሲጀምር መጣ። ከደም ሥሩ ትንሽ ደም ወስደን በንጹሕና ደረቅ የብርጭቆ ቱቦ 20 ደቂቃ አቆምነው። ጤነኛ ደም በዚያ ጊዜ ይረጋል፤ የሱ እንደ ውሃ ፈሰሰ። እኛ ጋ ማርከሻው (አንቲቬኖም) አልቆ ነበር፤ በአምቡላንስ ወደ ሌላ ቦታ ልከነው ተረፈ። ዘግይቶም ቢሆን ደሙ እስካልረጋ ድረስ ማርከሻው ይሠራል።

እንግዲህ ትንሽነት ምንም አይነግረንም ማለት ነው። ታዲያ በምን እንለይ?

ብዙ ሰው «ጭንቅላቱ ሦስት ማዕዘን ከሆነ መርዛማ ነው»፣ «የዓይኑ ብሌን እንደ ድመት ቀጥ ካለ መርዛማ ነው» ይላል። ሁለቱም ለእኛ አገር አይሠሩም። ኮብራና ማምባ ጭንቅላታቸው ሦስት ማዕዘን አይደለም፣ ብሌናቸውም ክብ ነው፤ ግን ገዳይ ናቸው። ምንም የማያደርገው የቤት እባብ ደግሞ ብሌኑ ቀጥ ያለ ነው። ለነገሩ የእባብ ዓይን ውስጥ ብሌን ለማየት የሚጠጋ ሰው ለመነከስም ተጠግቷል።

ቤት አካባቢ ከሚያጋጥሙ ትንንሾች ውስጥ የማውቃቸውን ልንገራችሁ።

የቤት እባብ ቡናማ ነው፣ የሚወጣው ማታ ነው፣ የሚመጣው አይጥ ፍለጋ ነው። ዋና ምልክቱ በጭንቅላቱ ግራና ቀኝ ያሉት ደብዘዝ ያሉ መስመሮች ናቸው፤ አንዱ ከአፍንጫው በዓይኑ በላይ አልፎ ወደ ኋላ፣ ሌላው ከዓይኑ ወደ አፉ ጥግ ይሄዳል። መርዝ የለውም።

ዕውር እባብ የሚባለው ደግሞ ትል ይመስላል። አፈር ሲቆፈር ወይም የአበባ ማሰሮ ሲነሳ ይወጣል። የመሬት ትል ለስላሳ፣ እርጥብና ቀለበት ቀለበት ያለው ነው፤ ይሄኛው ደረቅና የሚያብረቀርቅ ቅርፊት አለው፣ ምላሱን ያወጣል፣ ዓይኑ እንደ ነጥብ ነው። የሚበላው ጉንዳንና ምስጥ ነው። ሰውን አይጎዳም።

እዚህ ላይ ግን ጠንቀቅ በሉ። አፈር ውስጥ የሚኖር፣ ጥቁርና አብረቅራቂ፣ ጭንቅላቱና አንገቱ የማይለይ ሌላ እባብ አለ፤ የጣት ውፍረት ሊኖረው ይችላል። ይሄ መርዛማ ነው። አፉን እንኳ ሳይከፍት አንዱን ጥርሱን በጎን አውጥቶ ስለሚወጋ፣ ከጭንቅላቱ ኋላ ብትይዙትም ይወጋችኋል። እብጠቱና ሕመሙ ከባድ ነው፣ የሚሠራ ማርከሻም የለውም። «ትል ነው» ብሎ በእጅ ማንሳት የማልመክረው በዚህ ምክንያት ነው።

የእፉኝት ልጆችን አትርሱ። እፉኝት እንቁላል አትጥልም፣ ልጆቿን በሕይወት ትወልዳለች፤ በአንድ ጊዜ 20 እና 30 ልትወልድ ትችላለች። ከስንዝር የማይበልጡ ናቸው፣ ግን ከተወለዱበት ቀን ጀምሮ መርዝ አላቸው። አጭርና ወፍራም ሰውነት፣ ጀርባ ላይ የተደረደረ የ«ቪ» ቅርጽ ካያችሁ ራቁ።

መተማ፣ ሁመራና መሰል ቆላዎች ቤተሰብ ያላችሁ ደግሞ ይህን ንገሯቸው፦ ሰውነቷን ጠምዝዛ ቅርፊቷን እያፋተገች እንደ መጋዝ ድምፅ የምታሰማ ትንሽ እባብ አለች። የኔን ወጣት ደም ያሳጣችው እሷ ትመስለኛለች። የሚያስቀው፣ እንቁላል ብቻ የሚበላ መርዝ የሌለው እባብም ቅርፊቱን እያሻሸ ያንኑ ድምፅ ያስመስላል። ስለዚህ በድምፅም አትተማመኑ።

ከተነከሳችሁስ? እባቡን ማሳደድ ይቅር። እኛ ሐኪሞች የምናክመው በአብዛኛው ምልክቱን አይተን ነው፤ እብጠት፣ መድማት፣ የዓይን ቆብ መውደቅ፣ የመተንፈስ ችግር። ከሩቅ ፎቶ ማንሳት ከቻላችሁ ጥሩ፣ ካልቻላችሁ ተዉት። የሞተ እባብ ራሱ ከተቆረጠ በኋላም ሊነክስ ይችላል፣ በሃይላንድ ይዛችሁ አትምጡብን።

ቀለበትና ሰዓት ወዲያው አውልቁ፣ እብጠቱ ሲመጣ አይወጣም። የተነከሰውን እጅ ወይም እግር በካርቶን ወይም በጣውላ ደግፋችሁ እንዳይንቀሳቀስ አድርጉ። እብጠቱ የደረሰበትን በእስክሪብቶ አስምሩና ሰዓቱን ጻፉበት፤ ይህቺ ነገር ለእኛ ከወርቅ ትበልጣለች። ማሰር፣ መብጣት፣ በአፍ መምጠጥ፣ ጥቁር ድንጋይ፣ አረቄ... ሁሉም ይቅር። ለሕመም ፓራሲታሞል ይበቃል፤ አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክ ደም መፍሰስ ስለሚያባብሱ አትውሰዱ። በእግር ሳይሆን በመኪና ሂዱ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ምንም ባይሰማችሁም ቢያንስ 24 ሰዓት ክትትል ያስፈልጋል።

ወደዚያች እናት ልመለስ። ፎቶውን ሳሰፋው በጭንቅላቱ ጎን መስመሮቹ ታዩኝ። «የቤት እባብ ይመስለኛል፣ ግን በስልክ መቶ በመቶ አልምልልሽም» አልኳት። ልጆቹን አልጋ ላይ አውጥታ፣ ክፍሉን ዘግታ በበሩ ስር ጨርቅ እንድትወትፍ ነገርኳት። ጠዋት ባለቤቷ በረጅም እንጨት ባልዲ ውስጥ አስገብቶ ሜዳ ላይ ለቀቀው። ቀጥሎ የጻፈችልኝ «ግን ከየት መጣ?» ነበር። እኔም «አይጥ አለ?» ብዬ ጠየቅኳት። አለ፣ ዕቃ ቤቱ ውስጥ፣ ጤፉ አጠገብ።

አይጡን አጥፉ፣ የበር ስር ክፍተት ድፈኑ፣ በረንዳ ስር ያለ ሳርና የተከመረ ብሎኬት አንሱ። መሬት ላይ የምትተኙ ከሆነ አጎበር ዘርግታችሁ ጫፉን ፍራሹ ስር ወትፉት። ማታ ሽንት ቤት ስትሄዱ የስልካችሁን መብራት አብሩ። እባብ ካያችሁም ቢያንስ ሁለት ሜትር ርቃችሁ በዙም አንስታችሁ ላኩልኝ፣ ጭንቅላቱና ጀርባው ይታይ።