ከማስታወቂያ ገቢ ለማግኘት የድረ ገጽ ዓይነት አመራረጥ፦ ባሕር ዳርና የጣና ዳርቻ

ባሕር ዳር ላይ ከማስታወቂያ ገቢ የሚያስገኝ ድረ ገጽ ለመክፈት ሲታሰብ ቀድሞ ወደ አእምሮ የሚመጣው የጉዞ መረጃ ነው። የጣና ደሴቶች ገዳማት፣ ዘጌና የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ሰፊ ርእስ ይሰጣሉ፤ ሐይቁም በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ በባዮስፌር ጥብቅ ቦታነት ተመዝግቧል። በእንግሊዝኛ የሚጻፍ ገጽ የውጭ አገር አንባቢን ስለሚስብ፣ እያንዳንዱ እይታ ለአስተዋዋቂ ከአገር ውስጡ የበለጠ ዋጋ አለው። ይሁንና ገቢው በጎብኚ መምጣት ላይ የተንጠለጠለ ነው። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በክልሉ የተቀሰቀሰው ግጭት የቱሪስት ፍሰቱን ሲያዳክም፣ የጀልባ ባለንብረቱና የሆቴሉ ባለቤት ማስታወቂያ የሚያሠሩበት ምክንያትም አብሮ መንምኗል።

የአማርኛ ዜና ወይም መዝናኛ ገጽ ደግሞ ሌላ ችግር አለበት። ጎግል አድሴንስ ማስታወቂያ የሚያስቀምጠው በሚደግፋቸው ቋንቋዎች በተጻፉ ገጾች ላይ ሲሆን፣ አማርኛ ለረጅም ዓመታት ከዝርዝሩ ውጭ ነበር። ቋንቋው ቢፈቀድም ስሌቱ አያበረታታም፤ 1,000 እይታ 1 ዶላር ያስገኛል ቢባል፣ የመጀመሪያው ክፍያ የሚፈጸምበትን 100 ዶላር ለመሙላት 100,000 እይታ ያስፈልጋል። ለአንድ ከተማ ገጽ ይህ ቀላል ቁጥር አይደለም።

የተሻለው ምርጫ ለዓይን እምብዛም የማይማርከው የጨረታና የክፍት ሥራ ቦታ ገጽ ነው። በባሕር ዳር የሚታተመው በኩር ጋዜጣ ይህን ፍላጎት ከድረ ገጾች ቀድሞ ያውቀዋል፤ የመሥሪያ ቤቶችን የጨረታ ማስታወቂያዎች ሲያወጣ ኖሯል። በአዲስ አበባም ቱመርካቶ ከጨረታ ተመዝጋቢዎች፣ ኢትዮጆብስ ከአሠሪ ድርጅቶች ያስከፍላሉ።

እዚህ ላይ በቀላሉ የሚዘነጋ ነገር አለ። መሥሪያ ቤቱ የማስታወቂያውን ዋጋ የሚከፍለው ለጋዜጣው ነው፤ ጨረታውን መልሶ የሚያወጣ ድረ ገጽ ከዚያ ድርሻ የለውም። ድረ ገጹ ለአስተዋዋቂ የሚያቀርበው አንባቢውን ነው። ጨረታ የሚከታተል ሰው ሲሚንቶ፣ የጽሕፈት መሣሪያ፣ የመኪና ጎማ ወይም ለጨረታ ማስከበሪያ የሚሆን የባንክ ዋስትና ይፈልጋል። ስለዚህ አንባቢው ጥቂት መቶ ብቻ ቢሆንም፣ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ወይም የመድን ድርጅት ያለ አገናኝ፣ በቀጥታ ውል፣ በየወሩ ሊከፍልበት ይችላል። የጉዞ ገጽ አንባቢ እንዲህ ያለ አስቸኳይ የግዥ ፍላጎት ይዞ የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው።

የዚህም ገጽ ድክመት ኢንተርኔቱ ነው። በግጭቱ ምክንያት በክልሉ የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ለበርካታ ወራት ተቋርጦ ነበር፤ ከአስተዋዋቂ ጋር የሚደረገው ውል በእንዲህ ያሉ ወራት ክፍያው እንዴት እንደሚታሰብ አስቀድሞ መወሰን ይኖርበታል።