ምራን የሌለው ቀንበር

ወጣቱ፦ ጋሼ፣ እዚህ ቁይ ከተማ የበቆሎ መፍጫ ልተክል ነው። ዲናሞውንና የመፍጫውን ዘንግ የሚያያይዘው ካፕሊንግ የትኛው ይሻለኛል?

አዛውንቱ፦ ሞፈሩን ከቀንበሩ የሚያስረው ምንድን ነው?

ወጣቱ፦ ምራን ነዋ።

አዛውንቱ፦ ጠፍር ነው፤ አንዱ በሬ ሲቀድም፣ ሌላው ሲዘገይ እሺ ይላል። በብረት ቢታሰር ሞፈሩ ይሰበር ነበር። ካፕሊንግም የማሽን ምራን ነው። ከውኃ ወፍጮ ወደ ናፍጣ፣ ከናፍጣ ወደ መብራት ተሻገርን፤ ይህን ግን ረሳን። አንድ ባለወፍጮ ቺንጋውን ጥሎ ዲናሞውን ከመፍጫው ጋር በድፍን የብረት ካፕሊንግ በቀጥታ አሳሰረው። ኩሽኔታው ነደደ። ለወጥኩለት፤ ደግሞ ነደደ። ሦስተኛው ሲነድ በገበያ ቀን ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «የማይረባ ኩሽኔታ አምጥቶ አከሰረኝ» አለኝ። ኩሽኔታው ምን አጠፋ? ዲናሞው ከመፍጫው አንድ ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ ነበር። ዘንጉ በደቂቃ 1450 ጊዜ ሲዞር በእያንዳንዱ ዙር ይጎብጥ ነበር። ኩሽኔታው ተበዳይ እንጂ በዳይ አልነበረም፤ እኔም እንደዚያው። ሰው ግን ዛሬም ያንን ያነሣብኛል።

ወጣቱ፦ ድፍኑ ካፕሊንግ መጥፎ ነው ማለት ነው?

አዛውንቱ፦ አይደለም። ትልቅ የውኃ ተርባይን ከጄኔሬተሩ ጋር በድፍን ፍላንጅ ይታሰራል፤ ዘንጎቹ ግን በመቶኛ ሚሊ ሜትር ተለክተው እንደ አንድ ዘንግ የቆሙ ናቸው። የሰንሰለትና የጥርስ ካፕሊንግ ብዙ ጉልበት ይሸከማል፤ ግሪስ ካጣ ግን ይበላል። ካርዳን ዘንጎቹ በማዕዘን ለሚገናኙበት ነው፤ ትራክተር ላይ አይተኸዋል። ለአንተ የሚበጀው በሁለቱ ጥርሶች መካከል ጎማ የሚገባበት ነው። በቆሎው ሲመታ ጎማዋ ትውጠዋለች፤ ስታልቅም የምትለወጠው እሷ ብቻ ናት።

ወጣቱ፦ መጠኑንስ በምን አውቃለሁ?

አዛውንቱ፦ በዲናሞው ውፍረት አትገምት። ኪሎዋቱን በ9550 አባዛና ለደቂቃው ዙር አካፍል። 15 ኪሎዋት ዲናሞ በ1450 ዙር ወደ 99 ኒውተን ሜትር ይሰጥሃል። መፍጫ እየመታ ስለሚሠራ እጥፉን፣ 200 የሚችለውን ግዛ። ቀዳዳው ከሁለቱም ዘንጎች ጋር ይግጠም፤ መለዋወጫ ጎማዋንም አብረህ ያዝ።

ወጣቱ፦ ጎማው ካለ ማስተካከሉ ይቀራል?

አዛውንቱ፦ አይቀርም! ጎማ ትንሹን መዛነፍ ይችላል፤ ትልቁን ግን አይችልም፤ ተፈጭቶ ያልቃል። ካፕሊንጉ ላይ ቀጥ ያለ ብረት ከላይ፣ ከታች፣ ከግራ፣ ከቀኝ አስደግፈህ በብረቱና በካፕሊንጉ መካከል ያለውን ክፍተት በፊለር ጌጅ ለካ። ዲናሞው ዝቅ ካለ ከእግሩ ሥር ስስ ላሜራ ጨምር። ቡሎኑን ካጠበቅህ በኋላ እንደገና ለካ፤ አንድ ቀን ሙሉ ሠርቶ ሲሞቅም ድገመው።

እናንተም ወፍጮ ያላችሁ ወንድሞቼ፣ ኩሽኔታ በነደደ ቁጥር ሱቁንና ሠራተኛውን አትውቀሱ። አዲስ ኩሽኔታ ከመግዛታችሁ በፊት ዘንጉን ለኩ።