ጀማሪነትን ላለፉ የስኪ አመራረጥ

የጮቄ ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ይላል፤ ውርጩም በረዶውም አይቀርለትም። ስኪ የሚያስኬድ፣ ወራት የሚከርም የበረዶ ክምር ግን የለውም። ስለዚህ የጮቄ አካባቢ ልጅ ስኪ የሚገዛው ኑሮው ዴንቨር፣ ሲያትል፣ ካልጋሪ ወይም ኦስሎ ሲሆን ነው። ኢትዮጵያ በክረምት ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳተፈችው በሮቤል ተክለማርያም አማካይነት በ2006 እ.ኤ.አ. ቱሪን ላይ ነው፤ በ2010ም ቫንኩቨር ላይ ተወዳድሯል። የሮቤል ውድድር አገር አቋራጭ ስለነበር ስኪው ቀጭንና ቀላል፣ ተረከዝ የማይታሰርበት ነው። እዚህ የምናየው ግን በሊፍት ተወጥቶ፣ ተረከዝ ታስሮ ቁልቁል የሚወረድበትን፣ በተጠቀጠቀ መንገድም ባልተነካ በረዶም የሚያገለግለውን «ኦል ማውንቴን» የሚባለውን ስኪ ነው።

መመሪያው የሚጠቅመው በአሜሪካ ሰማያዊውን፣ በአውሮፓ ቀዩን መንገድ ያለ ፍርሃት ለሚወርዱና ጥቁሩን መሞከር ለጀመሩ፣ ወይም ጥቁሩን ለለመዱ ሰዎች ነው።

1. በረዶዎን ይወቁ

በቅሎ ገዢ ኮርቻውን አይቶ አይከፍልም፤ ሰኮናዋንና አካሄዷን ያያል። ስኪም በቀለሙና በስሙ አይመረጥም። መጀመሪያ «አብዛኛውን ጊዜ የምወርደው የት ነው?» ብለው ይጠይቁ። ከዋሽንግተን ዲሲ ተነስተው ወደ ፔንሲልቬኒያና ቨርጂኒያ የሚሄዱ ከሆነ የሚጠብቅዎ በአብዛኛው በማሽን የተሠራ ጠንካራ በረዶ ነው። የኮሎራዶው ቀላልና ደረቅ ነው፤ በሲያትል በኩል ያለው ደግሞ እርጥብና ከባድ።

2. የወገቡን ስፋት ይወስኑ

ወገብ የሚባለው ከጫማው ሥር ያለው የስኪው ጠባብ ቦታ ሲሆን የሚለካው በሚሊሜትር ነው።

• ለጠንካራና ለተጠቀጠቀ በረዶ፦ ከ80 እስከ 88
• ለሁለቱም፦ ከ88 እስከ 98
• ጥልቅ በረዶ ለሚያዘወትር፦ ከ98 እስከ 106

ሰፊ ስኪ በጠንካራ በረዶ ላይ ወደ ጠርዙ ለመዘንበል ይዘገያል፤ ጉልበትም ያደክማል። ጠባቡ ደግሞ በጥልቅ በረዶ ውስጥ ይሰጥማል። አንድ ስኪ ብቻ የሚገዛ ሰው ከ88 እስከ 96 ባለው ውስጥ ቢመርጥ አይቆጭም።

3. ርዝመቱን ይለኩ

ስኪውን ከጎንዎ ያቁሙት። መካከለኛ ችሎታ ላለው ሰው ጫፉ ከአፍንጫ እስከ ግንባር ቢደርስ ይበቃል፤ የበቃ ተንሸራታች እስከ አናቱ ወይም ትንሽ ከፍ ያለውን መውሰድ ይችላል። ቁመቱ 175 ሳንቲሜትር የሆነ ሰው መካከለኛ ከሆነ ከ165 እስከ 170፣ የበቃ ከሆነ ከ175 እስከ 180 ያለውን ይሞክር። ከባድ ሰውና ፍጥነት የሚወድ ወደ ረጅሙ፣ ቀላል ሰውና በዛፎች መካከል መዞር የሚወድ ወደ አጭሩ ያዘንብል።

4. ቅርጹን በዓይንዎ ያረጋግጡ

ሁለቱን ስኪዎች መሬት የሚነካውን ገጻቸውን ፊት ለፊት ገጥመው ይያዟቸው። መሐል ላይ የሚታየው ክፍተት ካምበር ይባላል፤ ሲቆሙበት ተጭኖ ጠርዙን በረዶው ላይ ያስይዛል። ጫፎቹ ቀደም ብለው የሚለያዩ ከሆነ ያ ሮከር ነው፤ ጫፉ በለስላሳ በረዶ ላይ እንዲንሳፈፍና መዞር እንዲቀል ያደርጋል። ጀማሪነትን ላለፈ ተንሸራታች ከፊት ሮከር፣ ከእግር ሥር ካምበር ያለው ይስማማል። በስኪው ላይ የተጻፈውን የመታጠፊያ ሬዲየስም ያንብቡ፤ ከ14 እስከ 16 ሜትር ለአጫጭር መታጠፊያ፣ ከ17 እስከ 19 ለሰፋፊና ለፈጣን።

5. ውስጡን ይጠይቁ

ጥሩ ስኪ ውስጡ እንጨት ነው። በላዩና በታቹ ቲታናል የሚባል የአሉሚኒየም ቅይጥ ንጣፍ ያለው በፍጥነት ጊዜ አይንቀጠቀጥም፤ ግን ይከብዳል፣ ስህተትንም አይምርም። እንደ ቮልክል ማንትራና ኖርዲካ ኤንፎርሰር ያሉት ብረት ያለባቸው ስኪዎች ስማቸው ቢጠራም ሥራቸው ጉልበትና ብልሃት ላለው ነው። መካከለኛው ብረት የሌለበትን ወይም በከፊል ያለበትን ይያዝ።

6. ቡቱንና ባይንዲንጉን ያስማሙ

ቡት የስኪ ጫማው ነው፤ ባይንዲንግ ደግሞ ጫማውን ከስኪው ጋር የሚያስረው። የቡት ቁጥር የእግር ርዝመት በሳንቲሜትር ነው፤ 27 ሳንቲሜትር የሆነ እግር 27 ቁጥር ይለካል። የቡትዎ ሶል ዓይነት፣ ለምሳሌ ግሪፕዎክ ከሆነ፣ ባይንዲንጉ የሚቀበለው መሆኑን ይጠይቁ። የባይንዲንጉ ፍሬን ከስኪው ወገብ ጋር እኩል ወይም እስከ 15 ሚሊሜትር ሰፋ ያለ ይሁን።

ዲን የሚባለውን የመልቀቂያ ልክ በግምት ወይም ጓደኛ ባለው አያስተካክሉ። የሚሰላው ከክብደት፣ ከቁመት፣ ከዕድሜ፣ ከሶል ርዝመትና ከአነዳድ ጠባይ ነው። ዝቅ ካለ በመንገድ ላይ ይለቃል፤ ከፍ ካለ ሲወድቁ እግር አይለቅም፣ አጥንትና ጉልበት ይጎዳል። ይህን ለባለሙያ ይስጡ፤ ክብደትዎንም ሳያሳንሱ ይንገሩት።

7. ሞክረው ይግዙ

ብዙ ሪዞርቶች ለሙከራ የሚከራይ ስኪ አላቸው። በአንድ ቀን፣ በአንድ መንገድ ሁለት ዓይነት ይሞክሩ፤ ያለዚያ ልዩነቱ የስኪው ይሁን የበረዶው አይለይም። ያገለገለ ከገዙ ጠርዙ በመሳል ብዛት አለመሳሳቱን፣ የታችኛው ገጽ እስከ እንጨቱ አለመቦርቦሩን፣ ንብርብሩ አለመላቀቁን ያረጋግጡ። ባይንዲንጉ ካረጀ ሱቆች ሊያስተካክሉት ፈቃደኛ አይሆኑም፤ ስለዚህ ከመክፈልዎ በፊት ይጠይቁ። ቅናሽ የሚበዛው ወቅቱ ሲያልቅ፣ ከመጋቢት እስከ ሚያዝያ ነው።

ገንዘብ ካጠረዎት ቡቱን አዲስ፣ ስኪውን ያገለገለ ይግዙ። በማይመች ቡት ላይ የታሰረ ውድ ስኪ ገንዘብ ማባከን ነው።