በፕሮፔን ጋዝ የሚሠራ ፎርክሊፍት፦ ከመቀበላችን በፊት

«ያገለገለ ፎርክሊፍት በስጦታ ሊሰጠን ነው፤ ብንቀበለው ይበጃልን?» የሚል ጥያቄ ከሰበካ ጉባኤያት ይደርሰናል። መልሳችን፣ አስቀድማችሁ በማሽኑ ላይ የተለጠፈችውን ትንሽ የብረት ሰሌዳ አንብቡ የሚል ነው።

በሰሌዳዋ ላይ «2,500 ኪሎ ግራም በ500 ሚሊ ሜትር» ተብሎ ቢጻፍ፣ ማሽኑ ማናቸውንም 2,500 ኪሎ ያነሣል ማለት አይደለም። 500 ሚሊ ሜትር የተባለው ከሹካው ቋሚ ክፍል እስከ ጭነቱ የክብደት ማእከል ያለው ርቀት ነው። ነገሩ እንደ ሚዛን ነው፤ የፊት ጎማው መደገፊያ፣ ከኋላ ያለው ከባድ ብረት ደግሞ የጭነቱ ተመዛኝ ነው። ለማስረዳት ያህል፣ ከፊት ጎማው መሐል እስከ ሹካው ቋሚ ክፍል 450 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ 2,500 በ950 ሲባዛ 2,375,000 ይሆናል። 1.4 ሜትር ርዝመት ባለው ፓሌት ላይ እህል ብንደረድር ግን ማእከሉ 700 ሚሊ ሜትር ላይ ይውላል፤ ያንኑ ቁጥር ለ1,150 ስናካፍለው 2,065 ኪሎ ገደማ ብቻ ይደርሰናል። ባለ 50 ኪሎ 45 ጆንያ 2,250 ኪሎ ነውና፣ ሰሌዳው የፈቀደ የመሰለን ጭነት ማሽኑን ወደ መገልበጥ ያቀርበዋል። ጭነቱ ወደ ላይ ከፍ ባለ ቁጥርም አቅሙ ሊቀንስ ይችላል።

ጋዙ ከናፍጣ ይልቅ ንጹሕ ሆኖ ይቃጠላል፤ ባዶውን ሲሊንደር በሙሉ ለመለወጥም ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። ይሁን እንጂ በተዘጋ ቤት ያለ ሥጋት ይነዳል ማለት አይደለም። ከጭሱ ጋር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ በተዘጋ ክፍል የከሰል ምድጃ ሰው የሚገድልበት ያው መርዝ ነው። በአንድ መጋዘን እህል ስናራግፍ ዝናብ መጥቶ በሮቹ ተዘጉ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሠራተኞቹን ራስ ምታት ያዛቸው፤ እኛም መጀመሪያ የጾም ድካም መስሎን ነበር። በሮቹ ሲከፈቱና ማሽኑ ሲጠፋ ቀለል አላቸው።

ፕሮፔን ከአየር አንድ ተኩል ጊዜ ያህል ስለሚከብድ፣ ያመለጠው ጋዝ ወደ ዝቅተኛ ቦታ ይወርዳል። ስለዚህ ሲሊንደር በምድር ቤት ወይም በቦይ አጠገብ አይቀመጥም። የወጥ ቤት ሲሊንደርም በማሽኑ ላይ አይታሰርም፤ የወጥ ቤቱ ጋዙን በትነት መልክ ሲሰጥ፣ የፎርክሊፍቱ ግን በፈሳሽነቱ ያወጣል። ፈሳሹ እጅን በብርድ ስለሚያቃጥል፣ ሲለወጥ ሞተሩ ጠፍቶ ጓንት ይጠለቃል።

የአገራችን ደጋም የራሱ ነገር አለው። እንደ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ስፍራ አየሩ ስለሚሳሳ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል፤ ያነሣል፣ ነገር ግን ይዘገያል፤ ዳገትም ያስቸግረዋል። ማሽኑ ራሱ ወደ 4 ቶን ይጠጋልና የአፈር ወይም ስስ የሲሚንቶ ወለል አይሸከመውም።

በወር አንድ የጭነት መኪና ለሚያራግፍ ደብር፣ እንደ እኛ አስተያየት፣ የእጅ ፓሌት መጎተቻና ብርቱ ወጣቶች ይበቁታል። ከዚያ በላይ ሥራ ያለው ጉባኤ ሲሊንደር የሚሞላ አቅራቢ በቅርብ መኖሩንና የሠለጠነ ነጂ መቅጠር መቻሉን በቃለ ጉባኤ ያስፍር፤ የሰሌዳውንም ፎቶግራፍ ከማመልከቻው ጋር ይላክልን።