ኮሚሽን ምንድን ነው?

ኮሚሽን የሚለው ቃል ባገራችን በሁለት ፍቺ ይሠራበታል። አንደኛው መሥሪያ ቤትን ያመለክታል፤ ለምሳሌ በ1950 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ነው። ሁለተኛው የገበያ ቃል ነው፤ ይኸውም የሌላውን ጉዳይ የፈጸመ ሰው የሚቀበለው ድርሻ ነው። ሁለቱም የመጡት «አደራ መስጠት» የሚል ፍቺ ካለው የላቲን ግሥ ነው።

በንግድ ረገድ ደላላ ሻጭና ገዢን ያገናኛል እንጂ ራሱ አይዋዋልም። የኮሚሽን ወኪል ግን ለሌላ ሰው ጥቅም በራሱ ስም ይሸጣል፤ ይገዛል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ሁለቱን ለይቶ ደንግጎ ነበር። ባንክም ገንዘብ ሲያስተላልፍ ወይም ዋስ ሲሆን ኮሚሽን ያስከፍላል። ይህ ከወለድ ይለያል፤ ወለድ የብድር ዋጋ ሲሆን ኮሚሽን የአገልግሎት ዋጋ ነውና።

አሁን ወደ ወገዳ ገበያ እንውረድ። አንድ የስማዳ ገበሬ በሬውን ለማሸጥ ከደላላ ጋር በመቶ 2 ተስማማ እንበል። በሬው 43,000 ብር ቢያወጣ የደላላው ድርሻ 860 ብር ነው። ነገር ግን ደላላው 43,000 ብር ተቀብሎ ለገበሬው «በ40,000 ሸጥኩልህ» ቢለው፣ የደበቀው 3,000 ብር ኮሚሽን አይባልም፤ የገበሬው ገንዘብ ነው።

ስለዚህ ኮሚሽንን ኮሚሽን የሚያሰኘው አስቀድሞ በግልጽ መነገሩ ነው። ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንመለስ ይህንን ሒሳብ ለወላጆቻችን እናስረዳ፤ በሬው ሳይሸጥ በፊት «ድርሻህ ስንት ነው? ገዢውስ ስንት ከፈለ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።