ደጅ ሲነጠፍ የጉድጓዱ አፍ አይደፈን



ደጅ መንጠፍ ለጤና የሚበጅ ሥራ ነው። በድንጋይ ወይም በሲሚንቶ የተነጠፈ ደጅ በክረምት አይጨቀይም፤ በበጋ አቧራ አያስነሣም፤ እህል ይሰጣበታል፤ ቡና ይፈላበታል፤ ለመጥረግም ይቀላል። ነገር ግን ደጁ ይመር ሲባል የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ክዳን ወይም የቆሻሻ ውኃው መክፈቻ አብሮ በሊሾ የሚደፈንበት ቤት አለ። ክዳኑ ከዓይን ሲጠፋ ይረሳል፤ ጉድጓዱ ግን ከሥር አለ።

«ቢደፈንስ ምን ያመጣል?» ትሉን ይሆናል። ሦስት ጉዳት ያመጣል።

አንደኛ፤ ቆሻሻው በቱቦ የሚገባበት ጉድጓድ መሙላቱ አይታወቅም። ሞልቶ ሲገነፍል ቆሻሻው ወደ ደጅ ይወጣል። ዝንብ ያርፍበታል፤ የልጆች እጅና እግር ይነካዋል፤ ተቅማጥና የሆድ ትላትልም ወደ ቤት ይገባሉ።

ሁለተኛ፤ አሮጌ ጉድጓድ ብዙ ጊዜ የሚሸፈነው በእንጨት ርብራብና በአፈር ነው። እንጨቱን እርጥበትና ምስጥ ከሥር ይበሉታል። ላዩ ሊሾ ስለ ሆነ ጠንካራ ይመስላል። አንድ ቀን የእህል ጆንያ ሲከመርበት፣ ወይም ለድግስ ሰው ሲሰበሰብበት፣ በድንገት ይደረመሳል።

ሦስተኛ፤ የታፈነ ቆሻሻ ሲበሰብስ መርዛም አየር ይፈጥራል። ይህ አየር መጀመሪያ እንደ ተበላሸ እንቁላል ይሸታል፤ ሲበዛ ግን አፍንጫን ስለሚያደነዝዝ ሽታው አይታወቅም። በጥቂት ትንፋሽ ሰውን ይጥላል። የወደቀውን ለማውጣት የሚገባውም አብሮ ይሞታል። ስለዚህ ማንም ሰው፣ ጎበዝ ነኝ የሚልም ቢሆን፣ ወደ ጉድጓድ አይውረድ።

እንግዲህ ደጅ ስትነጥፉ እንዲህ አድርጉ።

1. ሥራው ሳይጀመር የጉድጓዱን አፍ ሁሉ ፈልጉና ችካል ትከሉበት። የተረሳ ጉድጓድ እንዳለም የቤቱን ሽማግሌዎች ጠይቁ።

2. አገልግሎቱን የጨረሰ ጉድጓድ ከሆነ ርብራቡ ይነሣ፤ ጉድጓዱ በአፈርና በድንጋይ ተሞልቶ ይጠቅጠቅ። አንድ ክረምት ይለፍበት፤ የሰመጠው እንደገና ይሞላ፤ ከዚያ በኋላ ይነጠፍ።

3. የሚሠራበት ጉድጓድ ከሆነ አንገቱን በድንጋይና በሲሚንቶ አሳድጉት፤ የዝናብ ውኃ እንዳይገባም ከንጣፉ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ይበል። ክዳኑ ፌሮ የገባበት ሲሚንቶ ይሁን፤ መያዣ ይኑረው፤ ልጅ የማያነሣው ከባድ ይሁን። ዳሩ በሲሚንቶ አይታሰር፤ ዝንብና ትንኝ እንዳያልፉ በጭቃ ይመረግ። ጭቃው በቀላሉ ይፈርሳል።

4. ንጣፉ በየሜትሩ ሁለት ሳንቲሜትር ያህል እያዘቀዘቀ ከቤቱና ከጉድጓዱ ይራቅ፤ ውኃ አይቋጥር።

5. ምድጃ፣ የውኃ በርሜል ወይም ጎተራ በክዳኑ ላይ አታስቀምጡ፤ ከብትም አትሠሩበት። የማስተንፈሻውን ቱቦ አትቁረጡ፤ አትድፈኑም።

«ክዳኑ ደጃችንን ያስቀይምብናል» የምትሉ እናቶች አላችሁ። ቀላል ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ሰሌን ጣል አድርጉበት፤ ሲሄድ አንሡት።

ክዳኑ የሚከፈተው ሁለት ዐዋቂዎች ሲኖሩ ነው። ልጆች ይራቁ፤ አየሩ ሊቀጣጠል ስለሚችል ክብሪት፣ ኩራዝና ሲጋራ አይቅረቡ። አንገታችሁን ወደ ውስጥ አታስግጉ፤ በረጅም ዱላ ለኩ። የደረቅ ሽንት ቤት ቆሻሻ ከአፉ ግማሽ ሜትር ያህል ሲቀረው በአፈር ይደፈንና ሌላ ይቆፈር። አዲሱ ጉድጓድ ከውኃ ጉድጓድ ወይም ከምንጭ በታች በኩል፣ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ።

የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው የተዘረጋው ይህን ለመሰለው ምክር ጭምር ነው። ሲሚንቶው ሳይቦካ የቀበሌያችሁን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጥሩና ቦታውን አሳዩአት።

ዛሬውኑ ቤተ ሰባችሁን «የጉድጓዳችን ክዳን የት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ማንም ማሳየት ካልቻለ፣ ጥራጊውን አንሡ፤ ንጣፉን ፈትሹ፤ እስኪገኝም ድረስ ልጆች በዚያ አይጫወቱ።