የውድድር ደንብ አጻጻፍ፦ እኩል ነጥብ ያገኙትን መለየት

1. ምንባብ

ደንብ ገና ያልደረሰን ጉዳይ አስቀድሞ የሚወስን ጽሑፍ ነው። ስለዚህ ደንብ ጸሐፊ ሊያጋጥም የሚችለውን ሁሉ አውጥቶና አውርዶ ለእያንዳንዱ መልስ ማዘጋጀት ይኖርበታል። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህም ይሠራል።

በአቀስታ ከተማ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት አምስት ተማሪዎች የገበጣ ውድድር አደረጉ እንበል። እያንዳንዱ ተማሪ ከአራቱ ጋር አንድ አንድ ጊዜ ይጫወታል። ብዙ ጠጠር የሰበሰበ 1 ነጥብ ያገኛል፤ ጠጠሩ እኩል ከሆነ ሁለቱም ግማሽ ግማሽ ነጥብ ይወስዳሉ። በመጨረሻ አንዲት ልጃገረድ ሁለት ጊዜ አሸንፋ ሁለት ጊዜ እኩል በመውጣት 3 ነጥብ አገኘች። አንድ ልጅም ሦስት ጊዜ አሸንፎ አንድ ጊዜ በመሸነፍ 3 ነጥብ አገኘ። እርሱን ያሸነፈችው ይህችው ልጃገረድ ናት።

ሽልማቱ ለማን ይገባል? «እርስ በርስ ሲጫወቱ ያሸነፈ ይቅደም» ቢባል ልጃገረዷ፣ «ብዙ ጊዜ ያሸነፈ ይቅደም» ቢባል ልጁ አንደኛ ይሆናል። ሁለቱም መለያዎች ምክንያት አላቸው። ነገር ግን ውጤቱ ከታወቀ በኋላ ከሁለቱ አንዱን የሚመርጥ ዳኛ፣ የመረጠው መለያውን ሳይሆን ሰውን ነው። ልቡ ንጹሕ ቢሆን እንኳ የቀረበት ወገን አያምነውም።

እ.ኤ.አ. በ2013 የዓለም የቼዝ ሻምፒዮን ተጋጣሚን ለመምረጥ ለንደን ላይ በተደረገ ውድድር ማግነስ ካርልሰንና ቭላዲሚር ክራምኒክ እኩል 8.5 ነጥብ አገኙ። እርስ በርስ ያደረጓቸው ሁለት ጨዋታዎችም በእኩል ውጤት ያለቁ ነበሩ። ስለዚህ በደንቡ ወደ ተጻፈው ቀጣይ መለያ ተሻገሩ፤ 5 ጊዜ ያሸነፈው ካርልሰን 4 ጊዜ ያሸነፈውን ክራምኒክን ቀደመ። በዚያው ዓመትም የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በ1983 ግን ቫሲሊ ስሚስሎቭና ሮበርት ሂዩብነር በኦስትሪያ 7 ለ7 በመሆናቸው፣ አላፊው ስሚስሎቭ የተለየው ሩሌት በሚባለው የቁማር መንኰራኵር ነበር። ዕጣ አያዳላም፤ ችሎታንም አይመዝንም። ስለዚህ ተገቢ ቦታው ከመለያዎች ሁሉ መጨረሻ ነው።

2. ማብራሪያ

የደንብ ዐረፍተ ነገር ሁለት ክፍል አለው፤ ሁኔታውን የሚገልጽ ጥገኛ ሐረግና ውሳኔውን የሚሰጥ ዋና ሐረግ።

ምሳሌ፦ ሁለት ተወዳዳሪዎች እኩል ነጥብ ያገኙ እንደ ሆነ፣ እርስ በርስ ሲጫወቱ ያሸነፈው ይቀድማል።

«ያገኙ እንደ ሆነ» በሕግ ጽሑፍ የተለመደ አነጋገር ነው፤ «ቢያገኙ» ወይም «ካገኙ» ማለትም ይቻላል። ቀጣዩ አንቀጽ «ይህ ያልለያቸው እንደ ሆነ» ብሎ ቢጀምር የመለያዎቹ ቅደም ተከተል ግልጽ ይሆናል። «የተሻለ የተጫወተ ይቀድማል» የሚለው ግን ሰዋስዉ ባይጓደልም ለደንብ አይበቃም፤ «የተሻለ» የሚለውን ቃል እያንዳንዱ ለራሱ እንደሚስማማው ይተረጕመዋልና።

3. መልመጃ

ሀ. በምሳሌው ውስጥ ጥገኛውን ሐረግ ለይታችሁ አውጡ፤ ከዚያም በ«ቢ» መልሳችሁ ጻፉት።

ለ. ከሦስት ተጫዋቾች አንደኛው ሁለተኛውን፣ ሁለተኛው ሦስተኛውን፣ ሦስተኛው አንደኛውን አሸንፈው እኩል ነጥብ ቢያገኙ፣ በምሳሌው የተሰጠው መለያ ይበቃልን? ምክንያታችሁን በአንድ አንቀጽ ግለጹ።

ሐ. ለክፍላችሁ የገበጣ ወይም የዳማ ውድድር አምስት አንቀጽ ያለው ደንብ ጻፉ። ከጓደኛችሁ ጋር ተለዋውጣችሁ አንብቡ፤ ሁለት ትርጕም የሚሰጥ ቃል ከተገኘ ጨዋታው ሳይጀመር አርሙት።